የሜዲትራኒያን ውዝፍ ሂሳብ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ካናዳ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል ሰፈር፣ የአክስቴን ዶሮ ወጥ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ትቼው ወጣሁና ምግብ ቤት ገብቼ የሜዲትራኒያን ዓሣ በላሁ። የሰማ ሁሉ አብዷል ብሏል። አላበድኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት፣ የቆጣሪ ንባብና ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ካልጋሪ የሄድኩትም ስለ ቆጣሪ ለመሠልጠን ነው። ምርጫው ያላዋቂ አልነበረም፤ ካልጋሪ ራሷ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ብዙ ቤቶቿን በቁርጥ ሂሳብ ታጠጣ ነበር፤ ያንጠባጠበውም፣ የቆጠበውም፣ ሣሩን ሌሊቱን ሙሉ ያጠጣውም እኩል ይከፍል ነበር። ሁሉም ቆጣሪ ያስገባ ዘንድ ስትወስን የገጠማትን ጩኸት ለመስማት ነው እኛ የተላክነው። ጩኸቱን እንኳ አገራችንም ብንቆይ እንሰማው ነበር።

የሥልጠናው ጋባዥ ደንብ አጭር ነው፤ ራት በደረሰኝ ይመለሳል፤ ደረሰኝ ከሌለ ራት አልነበረም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአክስቴ ዶሮ ወጥ ደረሰኝ የለውም። ሽንኩርቱ ለሦስት ሰዓት ያህል ቁሌት ላይ ቆይቷል፣ ዶሮዋ በአሥራ ሁለት ብልት ወጥታለች፣ በሎሚና በጨው ታሽታ ታጥባለች፤ በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ግን ይህ ሁሉ አልሆነም። በሌላ በኩል ያልተበላ ራት ማለት ያልተነካ በጀት ማለት ነው። ያልተነካ በጀት ተመላሽ ሲሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሐዘን እንደሚወርድ ሰኔ 30ን ቢሮ ውስጥ ያሳለፈ ያውቀዋል። እኔ እንግዲህ በአክስትና በመንግሥት መካከል ተይዤ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን አስታወስኩ።

ከሳሾቼ በመጀመሪያ የሚያነሡት ነገር ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዓሣ መብላት ቂልነት ነው የሚል ነው። ካርታ አይተው ይሆናል፤ ጊዜን ግን አላዩም። ካልጋሪ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ባሕሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ሄዶ ነው፤ ከሄደ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። እንዲያውም ከተማዋ የምትኖረው በባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ ሰሜን፣ ኤድመንተን አጠገብ፣ ልዱክ በሚባል ቦታ የአልበርታን ዕድል የቀየረው ነዳጅ የተገኘው ጥንታዊ የባሕር እንስሳት አካል ካቆመው የድንጋይ ክምር ውስጥ ነው። የካልጋሪን መሐል ከተማ ፎቆች ያቆመው የጥንት ባሕር ውርስ ነው። ታዲያ ከተማ ሙሉ በባሕር ሬሳ ሲኖር ያልታማ፣ እኔ አንድ ዓሣ ስበላ ለምን እታማለሁ? የእኛም ቤት ከዚህ አይርቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወረድ የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ የባሕር ፍጥረት ቅሪት ይዞ ቆሟል። ስንቱ የአውቶቡስ ተሳፋሪ በባሕር ወለል ላይ እያለፈ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል።

ባሕር የሌለው ሰው ከባሕር ጋር ጉዳይ ሊኖረው አይችልም ለሚሉም መልስ አለኝ። ካልጋሪ ውስጥ ቴኩምሴ የሚባል የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ክፍል አለ። በማዕረጉ መርከብ ነው፤ ስሙ ፊት እንደ ማንኛውም የካናዳ ጦር መርከብ «የግርማዊነታቸው መርከብ» የሚል ምኅጻር ተጽፏል። በአካሉ ሕንፃ ነው። ሰምጦ አያውቅም። እኛም እ.ኤ.አ. በ1993 የባሕር በር አጣን፣ በ1996 ባሕር ኃይሉ ፈረሰ፣ በ2018 ደግሞ እንደገና ይቋቋማል ተባለ። የንግድ መርከቦቻችንም በመካከሉ ባሕር የለንም ብለው አልቆሙም፤ ግቤ፣ ሸበሌ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ እየተባሉ ውቅያኖስ ላይ ሲዞሩ ኖረዋል። በወንዝና በሐይቅ ዳር ከተማ ስም የተጠራ መርከብ ውቅያኖስ ላይ መዞር ከቻለ፣ ከሐይቅ ዳር የመጣ የቆጣሪ ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ ዳር መቀመጥ አያቅተውም።

ይህ ሁሉ ግን መንደርደሪያ ነው። ዋናው ጉዳይ የሙያዬ ጉዳይ ነው፤ ውዝፍ።

አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። ይህን ውሃ እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ቁጭ ብለው ተካፈሉት። በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው አሉ፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ የቀረው 10 ደግሞ ለትነት። ለፀሐይ እንኳ 10 ቢሊዮን ተመድቦላታል። ላኪው አልተጠራም። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ የክፍፍል ቅጽ ይዞ የመጣ ባለሙያ ቢኖር፣ «የላኪው ስም» የሚለው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ ተብሎ ከደመወዙ ይቀጣ ነበር። ቆጣሪው፣ ማለትም የራሳችን ግድብ፣ በመጨረሻ ጉባ ላይ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ያልተነበበ ፍጆታ ነው።

ይባስ ብሎ የሄደው ውሃ ብቻ አይደለም። ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው ዓባይ አፈርም ይዞ ይዞራል። በክረምት ቀልቶ የወረደው ጎርፍ ሜዲትራኒያን ሲገባ ባሕሩ ይለመልም ነበር፤ ዓይን የማያየው የባሕር ሣር ይበቅላል፣ ሰርዲን በመንጋ ይሰበሰባል፣ የግብፅ ዓሣ አጥማጅ ጎርፉን እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከዴልታው ፊት ለፊት የወጣው ሰርዲን 18,000 ቶን ገደማ ነበር። በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃና አፈሩን መያዝ ጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሰርዲኑ ምርት 1,000 ቶን እንኳ የማይሞላ ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ የሜዲትራኒያን ሰርዲን የጎጃምና የወሎ ማሳ ነው፤ ክንፍ አውጥቶ ነው እንጂ። (ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው አገግሟል። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚያመሰግኑት የግብፅን ማዳበሪያና የከተሞቿን ፍሳሽ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የፍሳሽ ክፍል ባልደረቦች ይህን በኩራት ያነሡታል። እኔ ከራት በፊት አላነሣውም።)

ውዝፍ የሚሰበሰበው ባለዕዳው ቤት ተሄዶ ነው። አሌክሳንድሪያ ድረስ የሚያስኬድ ውሎ አበል አልተፈቀደልኝም። እንደ ዕድል ሆኖ ባለዕዳው 17ኛው ጎዳና አካባቢ ቅርንጫፍ ከፍቶ አገኘሁት።

17ኛው ጎዳና በፔንብሩክ ሜዶውስ ደቡብ በኩል ያልፋል፤ ኢንተርናሽናል አቬኑ ይሉታል፤ የቬትናም ሾርባ፣ የሐበሻ እንጀራ፣ የሃላል ሥጋ ተደርድሮበታል። ከመሐል ከተማ ማክስ ፐርፕል የተባለው አውቶቡስ ያመጣሃል። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ውስጥ ከገባህ ግን አምላክ ይርዳህ፤ የመንገዱ ስም ሁሉ «ፔን» ብሎ ይጀምራል። ፔንዎርዝ፣ ፔንስቪል፣ ፔንስበርግ። የመጀመሪያው ቀን የአክስቴን ቤት ስፈልግ አርባ ደቂቃ በፔኖች መካከል ዞሬአለሁ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ስደርስ የመጀመሪያው በረዶ እየጣለ ነበር። ውስጡ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቷል፤ ጣሪያው ላይ የዓሣ መረብ ተንጠልጥሏል፤ መረቡ ውስጥ የፕላስቲክ ኮከብ ዓሣ ተይዟል። ባለዕዳ ንብረቱን ሲያሳይ እንዲህ ነው፤ ዋናውን ይደብቃል።

«ለስንት ሰው?» አለ አስተናጋጁ።

«ለአንድ።»

ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ አየት አደረገ። እኔም አየት አደረግሁ። ብቻውን የሚበላ ሰው በእኛ አገር ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል፤ ሦስተኛው ዓይነት፣ ደረሰኝ ፈላጊው፣ ገና ተረት አልወጣለትም።

ሰርዲን ጠየቅሁ። አልቋል አለኝ። ልማዳዊ የባለዕዳ መልስ ነው፤ መዝግቤዋለሁ። ኦክቶፐስ አለ አለኝ። ኦክቶፐስ ክንፍም ቅርፊትም የለውም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ከልክሎታል። ጣና ዳር ያደግን ሰዎች በቅርፊት ጉዳይ አንደራደርም፤ ቆረሶ እንበላለን፣ አምባዛ ግን ቅርፊት ስለሌለው የቱንም ያህል ቢወፍር ሰላም ብለን እናልፈዋለን። እግር በመብዛቱ ሕግ አይሻርም። በመጨረሻ ብራንዚኖ በተባለ ዓሣ ተስማማን። ክንፉንም ቅርፊቱንም አስተናጋጁ በስልኩ ፎቶ አሳየኝ።

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከቱርክ። የእርባታ ነው» አለ፤ እንደሚያኮራ ነገር።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን፤ ይህ መከላከያዬን ትንሽ ጎድቶታል። ኤጂያን ባሕር ዳር በመረብ ታጥሮ፣ መኖ እየተሰፈረለት፣ ክብደቱ ሲሞላ የሚታረድ ፍጡር ዓሣ ከማለት ዶሮ ማለት ይቀላል። አክስቴ ምድጃ ላይ ያለውን ዶሮ ሸሽቼ የባሕር ዶሮ ፊት ተቀመጥኩ። ሆኖም ሕጉ ግልጽ ነው፤ ባለዕዳ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ካልቻለ በእጁ ያለውን ንብረት መቀበል ይቻላል።

ዓሣው ከነራሱ መጣ። ሎሚ፣ የወይራ ዘይት፣ ሁለት ቅጠል። ጨው የለውም። ግማሹን በላሁ። ያኔ ከወጥ ቤቱ ሰሃን የተሸከመ ወጣት ብቅ አለ፣ አየኝ፣ ሰሃኑን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል? የማን እንግዳ ነዎት?»

ነገርኩት።

«እንዴ! እሳቸው እኮ ዛሬ ዶሮ ሠርተዋል!»

እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁም። ቆጣሪ ያልተገጠመለት መስመር ብዙ ያፈስሳል።

ሂሳቡ 44 ዶላር፣ የፌዴራሉ ግብር 5 በመቶ ተደምሮ 46.20 መጣ፤ አልበርታ የራሷን የሽያጭ ግብር አትጨምርም፤ ይህን እንደ ጎረቤታዊ ትብብር ወስጄዋለሁ። ከዚያ ማሽኑ ጉርሻ ጠየቀኝ። 18፣ 20 ወይስ 25 በመቶ? ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ ያን ጊዜ ነው የከነከነኝ። አክስቴ ቤት ጉርሻ የሚገባው አፌ ውስጥ ነው፤ እምቢ ብል የሚያኮርፉት እሳቸው ናቸው። እዚህ ከኪሴ ይወጣል፤ እምቢ ብል የማፍረው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ 18ን ነካሁ። ጋባዡ ጉርሻ አይመልስም።

የቀረውን ግማሽ ዓሣ በካርቶን አስያዝኩ። ዕዳ በከፊል አይተውም።

ጫማዬን ሳላወልቅ አክስቴ ከሳሎን «ዓሣው እንዴት ነበር?» አሉ። ወሬው በእግሩ ሄዶ ቀድሞኛል። ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ እንጀራው በመሶቡ፣ ወጡ በድስቱ፣ እሳቸው ሳይበሉ ጠብቀዋል። ስለ 1959 ስምምነት ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ 85 በመቶውም ነገርኳቸው። እስከ ትነቱ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝና ካርቶኑን ከእጄ ወስደው ከፈቱት።

«ዓይኑን እንኳ አልጨፈኑለትም» አሉ።

ቆንጥረው ቀመሱ። አሰቡ። እንደገና ቀመሱ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕድሜ ልኩን ባሕር ውስጥ ኖሮ ጨው የለውም?»

መልስ አልነበረኝም። በዚህ ጉዳይ ላይ እስካሁንም የለኝም። ተነሥተው አዋዜ አመጡ፣ ዓሣውን ፈለፈሉ፣ አጥንቱን ለቀሙ፣ ለወሱ። ሰዓቱ በፈረንጅ አሥራ አንድ ሊሆን ነበር። ነገ ዓርብ ነው፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ዶሮውም ዓሣውም ማለቅ አለበት። «ዛሬውኑ ይለቅ» አሉና መጀመሪያ ዶሮውን፣ ቀጥሎ ዓሣውን፣ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ላይ አጎረሱኝ። የፈረሰኛውን ብልት ለእኔ አስቀርተውት ነበር። የጎጃም አፈርና የአልበርታ ዶሮ አንድ እንጀራ ላይ የተገናኙት እንደዚያ ነው፤ እኩለ ሌሊት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ጨረስን።

እጃችንን ከታጠብን በኋላ «ያን ወረቀት አምጣው» አሉኝ። ደረሰኙን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው 46.20ውን አነበቡ፤ ምንም አላሉም፤ ገለበጡትና ከኩሽናው መሳቢያ እስክሪብቶ አውጥተው ጀርባው ላይ ጻፉ። ዶሮ ወጥ፣ አንድ ፈረሰኛ ከአንድ እንቁላል ጋር። እንጀራ፣ ሁለት። አዋዜ። የዓሣ ጥገና። በመጨረሻ «ሂሳብ» ብለው መስመር አሰመሩና ፊት ለፊቱ «ነውር ነው» ብለው ጻፉ። ፈረሙም።

ሰነዱን ከነጀርባው ለጋባዡ የሂሳብ ክፍል አስገባሁ። በሳምንቱ መልስ መጣ። የፊቱን ተቀብለውታል። የጀርባው ማኅተም ስለሌለው ተመልሷል።