መደርደሪያ ሠርቼ ባዶ እጄን ቀረሁ

ጡረታ የወጣ ሰው ፀሐይ ይሙቅ ይላሉ። እኔ ግን ዕድሜ ልካቸውን አልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ሲንገላቱ የኖሩት መዶሻዬ፣ ፒንሳዬ፣ ካቻቢቴዬና መጋዜ ማረፊያ ያግኙ ብዬ መደርደሪያ ልሥራ ተነሣሁ።

መጀመሪያ እንጨቱ። ድሮ ዋንዛ ነበር፣ ዝግባ ነበር። ዛሬ እንጨት ተራ ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ትናንት ተቆርጦ ዛሬ የተሰነጠቀ። «አባባ፣ ደረቅ ነው፣ ይመኑኝ» አለኝ ሻጩ። በጥፍሬ ብጫነው ውሃ አወጣ። 5 በ 7 ሞራሌ ብሎ የሸጠልኝን ቤት ገብቼ ስለካው 4 ከምናምን በ 6 ሆኖ አረፈው። የቀረውን ማን እንደበላው ፈጣሪ ይወቅ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉ ላይ ሚስማር ሲመቱበት ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ አየር እንዲገባው በየመሐሉ ቁርጥራጭ እየከተትኩ ጥላ ሥር ከመርኩት። ባለቤቴ ባለፈች ቁጥር «ደመራው መቼ ነው የሚለኮሰው?» ትለኛለች።

ሲደርቅ ሥራ ጀመርኩ። ለየሚስማሩ አስቀድሜ በቀጭኑ በሳሁለት፤ እግሮቹን በቱንቢ አቆምኩ፤ ከኋላ አንድ ሞራሌ በሰያፍ መታሁበት። ያለዚያ ዕቃ ሲጫንበት ወደ ጎን ይተኛል፤ የዛሬ አናጢ ይህን አይነግራችሁም። ለምስጡ ብዬ እግሮቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባሁ። (ሽታው ሳሎን ገባ ተብሎ የተነሣውን ጭቅጭቅ ልዝለለው።) የልጅ ልጄ ከስልኩ ቀና ብሎ «አባባ፣ ይኼ እኮ በብረት ተሠርቶ ይሸጣል» አለኝ። ይሸጣል! የኔ ጡረታ እንደሚገዛው ማን ነገረው?

በመጨረሻ ጀርባውን በኮምፔንሳቶ ዘግቼ የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ በእርሳስ ሣልኩበት፤ የጎደለው ወዲያው እንዲታወቅ። ከዚያ በረንዳ ላይ አቆምኩት።

ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ዕቃው አልጋ ሥር እያለ ምን እንዳለኝ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን በረንዳዬ የመርካቶ ሱቅ መስሎ የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ ይመርጣል። ልጅ ይላካል፦ «አባባ፣ እማዬ መዶሻ ያውሱን ብላለች፤ ትንሹን ሳይሆን ትልቁን።» እድሩ ድንኳን ልትከል ብሎ ጉጠቱን ወሰደ። እድር እምቢ አይባል፣ ነገ ቀባሪዬ ነው። መጋዙም ተከተለ፤ ቱንቢውማ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አሁን ኮምፔንሳቶው ላይ ያለኝ የእርሳስ ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ግን እንዳሰብኩት ይሠራል፤ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል፦ ሁሉም።

እናንት የሰፈሬ ሰዎች፣ መዶሻው ይቆይ፣ ፒንሳውም ይቆይ። መላጊያውን የወሰዳችሁ ግን በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ መልሱልኝ፤ ለመደርደሪያው በር ልሠራበት ነው።