ክልከላው ለእኛም ይድረሰን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የቢሮው ሹማምንት ሆይ፤

እኛ ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊንና ወተት ዓባይን አልፎ ወደ ዳንግላ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደቡብ አቸፈር ወረዳ በዱርቤቴ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ከተማችንም ከጎዳናው ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ጥቂት እንደ ገቡ አስፋልቱ የሚያልቅባት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም በበጋ ትቢያ በክረምት ማጥ የሚሆንባት፣ ወደ ጣና ዳር ወደ ቁንዝላ የሚያወጣውም መንገድ የሚገነጠልባት ናት። እኛ ስለ እናንተ የምናውቀው እናንተ ስለ እኛ ከምታውቁት እጅግ ይበልጣል፤ ይህም በመዲናና በገጠር ከተማ መካከል የቆየ ሥርዓት ስለሆነ አንቀየምበትም። ዛሬ ብዕር ያነሣነው ለወቀሳ ሳይሆን ለልመና ነው፤ ይኸውም እስከ ዛሬ ለመዲናይቱ ብቻ ያደላችሁትን በረከት ለእኛም ታካፍሉን ዘንድ ነው።

በረከቱም ክልከላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሐምሌ ወር በባተ ጊዜ የከተማችሁ አስተዳደር ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ በመዲናይቱ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ፤ ምክንያቱም በሞተር እየበረሩ ቦርሳና ስልክ የሚመነትፉ ሌቦች መብዛታቸው እንደ ሆነ ተነገረ። በየካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጅ የተባለው ባለ ሦስት እግር ሠረገላ በአዲስ አበባ እንዳይሠራ ታዘዘ፤ ብዙም ሳይቆይ መስፈርት ያሟሉት ይመለሱ ተባለ። እኛ በዚህ ነገር ከሁሉ አብልጠን ያደነቅነው ፍጥነቱን ነው። ድልድይ ለመሥራት ዓመታት ያልፋሉ፤ ባሕር ዳር እንኳ በዓባይ ላይ ያንን 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲስ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. አስመርቃ እስክትሻገርበት ድረስ ስንት ክረምት በትዕግሥት እንደ ጠበቀች ጎረቤቶቿ ነንና እናውቃለን። ክልከላ ግን ሲሚንቶ አይሻም፣ ብረት አይሻም፣ አማካሪ መሐንዲስም አይሻም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ክብ ማኅተም ካገኘ በአንዲት ሌሊት ከዳር እስከ ዳር ተሠርቶ ያድራል።

በባሕር ማዶም ይህን ጥበብ የሚያውቁ አሉ። በአሜሪካ፣ ቬርሞንት በተባለው ግዛት፣ ጭቃና ድንጋይ እንዲረግጥ ሆን ተብሎ የተሠራ፣ ጎማው የወፈረ ባለ አራት እግር ሞተር አለ፤ ሆኖም የከተማው ሸንጎ መንገዱን ለይቶ ካልከፈተለት በቀር ጥርጊያ መንገዱን መርገጥ አይፈቀድለትም። ለጭቃ የተፈጠረውን ከጭቃ መለየት ማለት ነው፤ ይህን በሰማን ጊዜ የሰው ልጅ በሁሉ ሥፍራ አንድ መሆኑን ተረድተን ተጽናናን። (እዚያ ግን አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ ሸንጎው ያወጣውን ደንብ ከመራጩ ሕዝብ ከመቶ አምስቱ በ44 ቀን ውስጥ ፈርመው ከተቃወሙት ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ይህ የማኅተምን ክብር የሚነካ ስለሆነ እንድትቀዱት አንመክርም።)

የእኛ አገር ባጃጅ ግን ለጭቃ የተፈጠረ አይደለም። መቀመጫው በህንድ አገር በፑኔ ከተማ የሆነው ኩባንያ ይህን ሠረገላ የሠራው ለከተማ ጎዳና ነው፤ ጎማው ትንሽ፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ፣ ከሾፌሩ በስተኋላ ሦስት ሰው ብቻ እንዲይዝ የታሰበ ነው። ከእኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ግን ፋብሪካው ያላሰበለትን ማዕርግ ተቀበለ፤ ሚኒባስ የማይገባበትን ሰፈር፣ አምቡላንስ የሚያመነታበትን ቁልቁለት፣ ጋሪ የሚሰምጥበትን ረግረግ እርሱ ይገባበት ጀመር። በገበያ ቀን ቢያዩት በውስጡ ሁለት ኩንታል በቆሎ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ ጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ቄስ፣ ከሾፌሩም ጎን በአንድ ጎናቸው ብቻ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይገኛሉ። ትርፍ መጫን ነውን? አዎን፣ ነው። ሕገ ወጥ ነውን? ያለ ጥርጥር። ነገር ግን የሚጭነው ትርፍ ሰውን ብቻ አይደለም፤ መንገድ ሠሪው፣ ጤና ጣቢያው፣ የሕዝብ ማመላለሻው ሳይጭኑት የቀሩትን ሸክም ሁሉ ጨምሮ ነው።

እንግዲህ ባጃጁ በአፈር መንገዳችን ላይ ፈጽሞ ቢከለከልልን የምናገኘውን ጥቅም ልንዘረዝርላችሁ እንወዳለን። ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ከቤቷ እስከ ሐኪም ቤት በምትወሰድበት በዚህ ዘመን ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያይቷል፤ ቃሬዛው ቢመለስ ግን ስምንት ጎልማሶች በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው፣ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ተራቸውን እየጠበቁ፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ ሲሄዱ ያ የጥንቱ ፍቅርና አንድነት ይታደሳል። ሕፃኑ በመንገድ ቢወለድም ስሙን ለማውጣት አያስቸግርም። በቅሎም ከተዋረደችበት ማዕርግ ትነሣለች፤ በግላስና በመርገፍ አጊጣ መኳንንቱን ስትሸከም የኖረችው እንስሳ ዛሬ የሚያያት ጠፍቶ በየሜዳው መቅረቷ ለታሪክ ወዳዶች ሁሉ ኀዘን ነው። ባሕር ዳርም ቢሆን ባጃጅ ሳይሰለጥንባት በፊት የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ሠራተኛውም ተማሪውም በዘንባባው ጥላ ሥር ፔዳሉን እየረገጠ ይሄድ እንደ ነበር ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እናንተ ብቻ አንድ ወረቀት ጻፉ፤ እኛ ከብስክሌቱም አልፈን ወደ እግራችን እንመለሳለን፤ እግር ደግሞ ታርጋም ቦሎም ቤንዚንም አይጠየቅም።

ከመካከላችን ነገር አብዝተው የሚያነቡ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ይላሉ። በእነርሱ አነጋገር የአፈር መንገድ ወገቡ ከፍ ብሎ ካልተሠራ፣ በግራና በቀኝ የውኃ መውረጃ ቦይ ካልተቆፈረለት፣ ወንዝ በሚያቋርጥበት ቱቦ ካልተቀበረለት፣ ግሬደርም በየጊዜው ካልተመላለሰበት በመጀመሪያው ክረምት ይታጠባል፤ ጎርፉም የመንገዱን መካከል ቦይ አድርጎ ይወርድበታል። ከዚህም አልፈው በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት የተደረገውን የመንገድ ሙከራ ይጠቅሳሉ፤ በዚያም በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት አሥራ ስድስት እጥፍ እንደሚሆን ታውቋል። በዚህ ስሌት፣ አሥር ቶን በአንድ አክስል የሚያሳርፍ ሲኖትራክ አንዴ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ግማሽ ቶን እንኳ በአንድ አክስል የማያሳርፍ ባጃጅ ያደርስ ዘንድ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ መመላለስ ይኖርበታል። እነዚህ ሰዎች ስሌቱን ሲነግሩን ዝም አልን፤ ሲኖትራክ ጌታ አለውና፣ ባጃጅ ግን ያለው ብድር ብቻ ነው።

ስለ መንገድ ከተነሣ ዘንድ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች አውቶሞቢል ከጂቡቲ ጠረፍ አንሥቶ፣ የመኪና መንገድ የሚባል ነገር ባልነበረበት በረሃና ገደል አዲስ አበባ አደረሳት፤ ንጉሡም ተቀመጡባት። ያን ጊዜ ቢሯችሁ አለመኖሩ እጅግ ያስቆጫል፤ ቢኖር ኖሮ ባለ መኪናውን በጠረፍ አቁማችሁ፣ ለዚህ ሠረገላ የሚሆን ጎዳና በአገራችን የለምና ጎዳናው እስኪሠራ ድረስ ተመለስ ባላችሁት ነበር፤ ጎዳናውንም መኪና በሌለበት አገር ማንም አይሠራውምና፣ ዛሬ ክልከላ የማያስፈልጋት ፍጹም ጸጥተኛ አገር በኖረችን። ነገሩ ግን በተቃራኒው ሆነ፤ መኪናው ቀደመ፣ ጎዳናው ተከተለ፤ በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ዩራፕ በተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራምም ቀበሌን ሁሉ ከበጋ እስከ ክረምት በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ታቀደ። መንገዱ የደረሰበት ቀበሌ ሁሉ ባጃጅ ደረሰበት፤ መንገዱ ያልደረሰበትም ደረሰው።

ክልከላችሁ ግዝትን ይመስላልና፣ አሁን ስለ ሃይማኖት ሥርዓት ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። አበው ሲገዝቱ የበደለውን ሰው በስሙ፣ ኃጢአቱንም በመልኩ ጠርተው ይገዝታሉ፤ ሰውየውም ንስሐ ቢገባ፣ ቀኖናውን ቢፈጽም ይፈታል። በአንድ ዲያቆን በደል ዲያቆናት ሁሉ ከመቅደስ እንዲወጡ የገዘተ ጳጳስ አልሰማንም። የእናንተ ግዝት ግን ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ሰውን ትቶ ወገንን፣ ነፍስን ትቶ ጎማን ያወግዛል። በሞተር የሚመነትፍ ሌባ ቢኖር ሞተሩ ሁሉ ተወገዘ፤ ሌባው ግን በእግሩ ሄዶ ሥራውን ቀጠለ እንደ ሆነ ማን ይጠይቀዋል? ንስሐውስ ምንድር ነው? ሦስት እግር ያለው ፍጥረት አራተኛ እግር ካላበቀለ በቀር በምን ቀኖና ይፈታል?

በደል የለም አንልም። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው መሪ የያዘ ጎረምሳ አለ፤ በምሽት መብራት ሳያበራ የሚከንፍ አለ፤ በፍርሃት የምትጮኸውን መንገደኛ ለመሳቅ ብሎ ጉድባው ጫፍ ላይ የሚያስኬዳትም አለ፤ በእነዚህ ምክንያት የተሰበረ እግርና የጠፋ ሕይወት መኖሩን የሚክድ ሰው ሕሊና የለውም። ነገር ግን መንጃ ፈቃድን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ለዚሁ አልወጣም ነበርን? የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብስ ጥፋቱን ከነቅጣቱ አልዘረዘረም ነበርን? ሕጉ ሰውየውን በስሙ ለመጥራት የሚያስችል ዐይን ተሰጥቶታል፤ የጎደለው በአፈር መንገዱ ላይ በዝናብ ቆሞ የሚጠራው ትራፊክ ነው። እርሱን ማቆም ደመወዝ፣ ጫማና የዝናብ ልብስ ይፈጃል፤ ጎማውን ማውገዝ ግን ምንም አይፈጅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ያገራችን አነጋገር የተነገረው ለእናንተ አይደለም፤ ስለ አህያና ስለ ዳውላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በሰማን ጊዜ፣ ከክልከላ ሁሉ ይህ ቢያንስ ምትክ የሚያሳይ ነው ብለን አመስግነናል፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅም ይመጣል አሉን። ይምጣ። መብራቱ በሚጠፋበት ምሽት ግን ባትሪው ባዶ የሆነበት ሾፌር ባጃጁን የሚያስጎትትበት በቅሎ አስቀድሞ ይዘጋጅለት ዘንድ እንለምናለን፤ በቅሎዎቹን ከላይ የጠቀስናቸው ለዚህም ጭምር ነው።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። የክልከላውን ወረቀት ዋናውን ካልሆነም ግልባጩን ላኩልን፤ ቀኑን ባዶ ተዉልን፣ ከክረምቱ ጋር አስተያይተን እኛ እንሞላዋለን። መልእክተኛችሁ በአውቶቡስ መጥቶ ከአስፋልቱ ላይ በወረደ ጊዜ ዝናብ ቢይዘውና ወረቀቱን ወደ ውስጥ የሚያደርስበት ቢቸግረው፣ ከማዞሪያው ላይ ያሉትን ሾፌሮች ኮንትራት ብሎ ይጠይቃቸው፤ የያዘው ምን እንደ ሆነ ካልነገራቸው በደህና ዋጋ ያደርሱታል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ከዱርቤቴ የአፈር መንገድ ተጠቃሚዎች አንዱ

ግልባጭ፦ በከተማችን ለቀሩት በቅሎዎች፣ ለሥራ እንዲዘጋጁ ይታወቅ ዘንድ።