ጠመንጃ እግር ሲያወጣ

ባለአራት እግር የጠመንጃ መደገፊያ ማለት ተኳሹ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሳለ መሣሪያው በእጁ ላይ እንዳይንቀጠቀጥ ከፊትና ከኋላ ደግፎ የሚይዝ፣ በቅርጹ ሲታይ ከአራት ቀጫጭን ዘንጎች የማይበልጥ፣ በሥራው ሲመዘን ግን የአዳኝን የቆየ ኩራት አንዲት ቃል ሳይናገር የሚያዋርድ ዕቃ ነው። ዘንጎቹ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ወይም እጅግ ቀላል ከሆነው ካርቦን ፋይበር የሚሠሩ ሲሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ ከታች እግሩን አንፈራጥጦ ከላይ የጠመንጃ ማስቀመጫ ሹካ ያበጃል፤ ሁለቱ ጥንዶች ደግሞ በማያያዣ ተገናኝተው አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ይቆማሉ። የፊተኛው ሹካ ከአፈሙዙ መለስ ብሎ ያለውን የጠመንጃውን አካል ሲሸከም፣ የኋለኛው ሹካ ሰደፉን፣ ማለትም በተኳሹ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የመሣሪያውን ጭራ ይይዛል። ከሥራ በኋላ አራቱም ዘንግ ተሰብስቦ አንድ ጥቅል ስለሚሆን ባለቤቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ምርኩዝ ሊደገፈው ይችላል፤ ባዶ እጁን በሚመለስበት ቀን ይህ ጥቅም ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ይህን ዕቃ በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ በምትገኘው በመርሳ ገበያ ለሚፈልግ ሰው ነጋዴው ከዘራ፣ ሽመል ወይም የእረኛ በትር አውጥቶ ቢያሳየው አያስደንቅም፤ አሳቡ ግን ለሀብሩ ወረዳ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጫፉ ለሁለት የተከፈለው እንጨት፣ ባላ የሚባለው፣ ጎጆ የሚያቆም፣ ፍሬ የከበደውን ቅርንጫፍ የሚደግፍ፣ አጥር የሚያጠብቅ የቆየ የቤት አገልጋይ ነው። ካህናቱም በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ መቋሚያ፣ ማለትም ራሱ ላይ አግዳሚ ያለውን ረጅም ዘንግ፣ በብብታቸው ሥር አድርገው ይደገፋሉ፤ ይህን አይቶ ካህኑን ደካማ ነው ያለ ሰው አይታወቅም። ቆሞ ማደር የሚያስከብር ሆኖ ሳለ ተደግፎ መቆም የማያሳፍር ከሆነ፣ ተደግፎ መተኮስ ለምን ያሳፍራል የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን የሰው ልጅ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ መግለጽ ያስፈልጋል። ቆሞ የሚያነጣጥር ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ጠላቶች ጋር ይታገላል፤ እነርሱም የልቡ ምት፣ ትንፋሹና እየዛለ የሚሄደው ጡንቻው ናቸው፤ ሦስቱም ያለ ፈቃዱ የሚሠሩ ከመሆናቸውም በላይ ሁለቱን ለዘለቄታው ጸጥ ማሰኘት ለጤና አይበጅም። ከትከሻው እስከ አፈሙዙ ያለው ርቀት አንድ ሜትር ነው ቢባልና አፈሙዙ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ጥይቱ 100 ሜትር ሲጓዝ ከታለመለት ነጥብ 10 ሳንቲ ሜትር፣ 200 ሜትር ሲጓዝ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የሚዳቋ ልብና ሳንባ ያለበት ሥፍራ ከሰው መዳፍ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ፣ ይህች ለዓይን የማትሞላ መዛነፍ እንስሳውን ወይ ከሞት ታስመልጠዋለች፣ ወይ ደግሞ የከፋውን አድርጋ አቁስላ ወደ ጫካ ትሰደዋለች። ተኳሹ በበኩሉ ጥፋቱን ለነፋሱ፣ ለጥይቱ፣ ቀጥሎም ከኋላው ለሳለው ጓደኛው ያከፋፍላል።

የመደገፊያው እግር ቁጥር ከአንድ ወደ አራት የሚያድገውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ዘንግ የመሣሪያውን ክብደት ተቀብሎ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን ቢቀንስም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበሉን አያስቀርም፤ ሁለት ዘንግ ተጋጥሞ ሲተከል ይህንኑ ይከላከላል፤ በአፍሪቃ የአደን አገሮች የተለመደው ባለሦስቱ ደግሞ ማንም ሳይዘው በራሱ መቆም ይችላል። ይሁንና ሦስቱም የሚደግፉት አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ሰደፉ ከተኳሹ ትከሻ ጋር አብሮ መነሣቱንና መውደቁን አይተውም፤ የልብ ምት የሚገባውም በዚያ በኩል ነው። ባለአራቱ ይህን የኋላ በር ዘግቶ መሣሪያውን በሁለት ነጥብ ስለሚይዘው፣ ለተኳሹ የሚቀረው ሥራ ማነጣጠር፣ ትንፋሹን መግታትና ምላጩን ሳይነጥቅ በዝግታ መሳብ ብቻ ይሆናል። በብሪታንያ ትንሿን የአውሮፓ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ረጅም ሣርና ፈርን በሞላበት መስክ በደረታቸው ተኝተው መተኮስ ስለማይመቻቸው ይህን ዓይነቱን መደገፊያ ወደውታል።

በወሎም ሆነ በሌላው የአማራ አገር የጠመንጃ ክብር የሚነገረው ግን በፉከራ ነው፤ ፉከራም ጀግናው ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ የገደለውን፣ የማረከውንና የተሻገረውን ወንዝ እየቆጠረ ራሱን የሚያወድስበት ሥርዓት እንደመሆኑ መጠን ለደጋፊ ዕቃ ቦታ የለውም። ፎካሪው ስለ ክንዱና ስለ ዓይኑ ይናገራል እንጂ አፈሙዙን ያሳረፈበትን ድንጋይ፣ ሰደፉን ያስጠጋበትን ዋርካ፣ ሲተኩስ ጆሮውን ያደነቆረበትን የባልንጀራውን ትከሻ አያነሣም። አንድ ሰው ተነሥቶ «ዘንጉን ተክዬ፣ እግሩን አንፈራጥጬ፣ የኋላውን ሹካ በልኬ አስተካክዬ» ብሎ ቢፎክር አዝማሪው መሰንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። እውነቱ ግን ጥሩ ተኳሽ የተባለ ሁሉ ድንጋይ፣ ኩይሳ ወይም ጉቶ ባገኘበት ሁሉ ሳይደገፍ አለመተኮሱ ነው፤ ባለአራት እግሩ ዕቃ ያመጣው አዲስ ነገር ቢኖር ድንጋዩን በትከሻ ተሸክሞ መዞርን ማስቻሉ ብቻ ነው።

የታሪክ ምስክርም አይጠፋም። በ16ኛው መቶ ዓመት እጅግ ከባድ ጠመንጃ የሚሸከሙ የአውሮፓ እግረኛ ወታደሮች ጫፉ ሹካ የሆነ ዘንግ ይዘው ይዘምቱ ነበር፤ በቀጣዩ መቶ ዓመት መሣሪያው እየቀለለ ሲሄድ ዘንጉ ተጣለ፤ ዛሬ በካርቦን ፋይበር ተሠርቶ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ያው የተጣለው ዘንግ ሦስት ወንድሞች ጨምሮ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። ወልድያና መርሳ የሚገኙበት የየጁ አገር ደግሞ በዘመነ መሳፍንት በእጅጉ ይፈራ የነበረው በተኳሹ ሳይሆን በፈረሰኛው ነበር። ከየጁ የተወለዱት ራስ አሊ ዳግማዊ በ1834 ዓ.ም. ከስሜኑና ከትግራዩ ገዥ ከደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጋር በደብረ ታቦር ሲዋጉ ድሉ ጠመንጃ ለበዛለት ለውቤ ሆነ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ይሁንና ውቤ ድላቸውን በማክበር ላይ ሳሉ የራስ አሊ ወገን የነበሩት የየጁው ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው፤ አሸናፊው ታሰሩ፣ ተሸናፊውም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። መደገፊያ የሚያጸናው ጠመንጃን እንጂ ባለጠመንጃውን አለመሆኑን ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ጦርነት ማግኘት ያስቸግራል።

ተደግፎ መተኮስ የኢኮኖሚም ጉዳይ ነበር። ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሣይ ጦር ዘንድ አገልግሎት ላይ የዋለ፣ የጥይቱ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ሲሆን ከዐድዋ ጦርነት በፊትም በኋላም በኢትዮጵያ በብዛት ተሠራጭቷል። የዚህ መሣሪያ ጥይት በአንዳንድ ያገሪቱ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገንዘብ ፈንታ ሰው ይገበያይበት ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተኳሽ ሲስት የሳተው ድኩላን ብቻ አልነበረም፤ የሳምንት ቅመሙን፣ ምናልባትም የሚስቱን ነጠላ ጭምር ገደል ውስጥ ወርውሮ መመለሱ ነው። ቤት ሲገባ የሚጠብቀውን ጥያቄ ለገመተ ሰው፣ አንድ ድንጋይ ፈልጎ መደገፍ ከፍርሃት ሳይሆን ከአስተዋይነት የሚቆጠር ነው።

የሀብሩ ቆላ ማሽላ አብቃይ ነው፤ የማሽላና የሌሎች ሰብሎች ምርምር የሚካሄድበት የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ ወረዳ ይገኛል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ገበሬው በእርሻው መካከል አራት ረጃጅም እንጨቶች ተክሎ በላያቸው ርብራብ ያነጥፍና ማማ ይሠራል፤ ጠባቂውም በዚያ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ፣ ማለትም ድንጋይ አዙሮ በሚወረውር የገመድ ወይም የጠፍር መሣሪያ፣ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል። እንግዲህ በጥንቃቄ ከታሰበ የባለአራት እግሩ የጠመንጃ መደገፊያ ሌላ ምንም ሳይሆን በሀብሩ ለሰው የሚሠራው ማማ አንሶ ለጠመንጃ መሠራቱ ነው። በአንደኛው ሰውየው ወጥቶ ይቀመጣል፣ በሁለተኛው ሰውየው ታች ቀርቶ መሣሪያው ይወጣል። የትኛው የተሻለ ሥልጣኔ እንደሆነ መፍረድ ለአንባቢ የሚተው ቢሆንም፣ ጥላ ያለውና ምሳ የሚበላበት ማማው ብቻ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከዝንጀሮ ጋር ሲገናኝ ግን አዲሱ ዕቃ ትልቁን ጉድለቱን ያሳያል። ዝንጀሮ ሰው ባዶ እጁን ሲመጣና የሚያስፈራ ነገር ይዞ ሲመጣ ለይቶ የሚያውቅ፣ ጠባቂው ወደ ቁርስ ሲሄድ ከቁርሱ አስቀድሞ የሚገባ እንስሳ ነው። ጠባቂው ጥቅሉን ፈትቶ፣ እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ የታችኛውን እግር አስረዝሞ፣ ጠመንጃውን በሁለቱ ሹካ ላይ አስተካክሎ ቀና ሲል፣ መንጋው የሚፈልገውን እሸት ቀጥፎ በሁለት ጉንጩ ሸጉጦ ጋራው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ባለአራት እግሩ መደገፊያ በቆመ ዒላማ ላይ ያለው ብርታት በሚንቀሳቀስ ዒላማ ላይ እንቅፋት ይሆናል፤ ምክንያቱም ጠመንጃው በሁለት ነጥብ ስለተያዘ እንደልብ አይዞርም፣ እንስሳው ጥቂት ርምጃ በሄደ ቁጥርም አራቱን እግር ማንሣትና እንደገና መትከል ሊያስፈልግ ይችላል። አንዳንድ ሠሪዎች የፊተኛውን ሹካ ሰፋ አድርገው አፈሙዙ በመጠኑ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ፤ ያም ሆኖ ለሚሮጥ ነገር ባለአንዱ በትር፣ ከነአካቴው ካልሆነም ወንጭፉ ይሻላል።

በቅርብ ዓመታት ጦርነት ያየ አገር ላይ ተቀምጦ ስለ ተኩስ መቀለድ እንደማይገባ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የተባለው ሁሉ ስለ አደን ብቻ የተባለ ነው፣ እርሱም ሕግ ያለው አደን። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ መሣሪያ መያዝን ራሱን ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመለከተዋል። በሀብሩ ተራሮች ላይ ሰሳ ወይም ሚዳቋ ያየ ሰው ከአራቱ ዘንግ በፊት የሚያስፈልገው አምስተኛ ድጋፍ ማኅተም ያለበት ወረቀት መሆኑን ሊያውቅ ይገባል፤ ይህ ድጋፍ ከካርቦን ፋይበሩ ይልቅ ቀላል ሲሆን ለማግኘት ግን እጅግ ይከብዳል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ዕቃ በእውነት ሥራ የሚያገኘው ፈቃድ ያላቸው አዳኞች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች፣ በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች በተከለሉ የአደን ሥፍራዎች በሚሰማሩበት ጊዜ ነው። በዚያ የሚፈለገው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር ባክስተን በተባለ እንግሊዛዊ ከተገደለ በኋላ በ1910 በሪቻርድ ላይዴከር ለሳይንስ የተዋወቀ እንስሳ ነው። አጋዘኑ በአስታና በቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚውል አዳኙ በደረቱ ቢተኛ የሚያየው ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ቆሞ ቢተኩስ ደግሞ ዳገት ያስለከለከው ሳንባው አፈሙዙን አያሳርፍለትም። ለአንዲት ጥይት ብዙ ሺህ ዶላር የከፈለ ሰው አራት እግር ቢዋስ ማንም ሊስቅበት አይገባም፤ እንስሳውም ቢሆን መሞቱ ካልቀረ ቆስሎ ከመንከራተት በአንድ ጥይት ቢወድቅ ይሻለዋል።

ስለዚህ ለሀብሩ ማሽላ ማማና ወንጭፍ ይበቃሉ፤ ለቆመና ለራቀ ዒላማ፣ ፈቃዱ እስካለ ድረስ፣ ከባለአራት እግሩ መደገፊያ ጋር የሚወዳደር የእጅ ጽናት የለም፤ ይህን የሚክድ ሰው ካለ ልቡን ለደቂቃ አቁሞ ያሳይ። ዕቃውን ያገኘ አንባቢ ግን ወደ ጫካ ከመውጣቱ በፊት ጥይት በሌለው መሣሪያ በገዛ ግቢው መዘርጋቱንና ማጠፉን ደጋግሞ ይለማመድ፤ ልምምዱንም ፉከራ የሚያውቅ ጎረቤት በማያይበት ሰዓት ቢያደርገው ይመረጣል።