የኤንትሬዋ አንድምታ

የመጻሕፍት መምህራን ወንበር ዘርግተው አንዲቱን ንባብ «አንድም» እያሉ ሲተረጕሙ፣ ፍቺውን በፍቺ ላይ ሲደርቡበት፣ በልጅነቴ ከደጅ ቆሜ ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ፤ ይኸው ጉባኤ ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ወጥቶ በከሚሴ ከተማ አስፋልት ዳር፣ ባንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ዙሪያ ሲዘረጋ አያለሁ ብዬ ግን ከቶ አላሰብሁም ነበር።

መኪናዪቱ ሲሚንቶ ተሸክማ ወደ ደሴ የምትወጣ፣ ፋብሪካዋ ፊያት 682 ብሎ የሰየማት፣ ያገራችን ሰው ግን «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራት ናት። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመኪና ጉዞዋን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞር እርሷ ሃይማኖቷን አልለወጠችምና፣ ሾፌሩ የሚቀድመው መኪና ባገኘ ቍጥር በግራ መስኮት የተቀመጠውን ረዳቱን «የሚመጣ አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይደፍርም። አውቶቡስ አምልጦኝ በልመና የተሳፈርሁት እኔ በሁለቱ መካከል ስለ ነበርሁ፣ ጥያቄውም መልሱም በጆሮዬ ላይ ሲመላለስ የጣርማበርን ዋሻ አለፍን፤ ደብረ ሲናን ቍልቍል ወርደን፣ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ቀምሰን፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ከሚሴ ስንደርስ መሽቶ ነበርና በዚያው አደርን።

ስሕተቱ ማደራችን ሳይሆን ያደርንበት ስፍራ ነው። ሞተሩ ያረጀ መኪና ያለው ሾፌር ሁሉ የሚያድረው በቍልቍለት ላይ ነው፤ ቢያሻው ታኮውን አንሥቶ ለቀቅ ያደርጋታልና። ከጣርማበር እስከ ቆላው ድረስ ለሺሕ መኪና የሚበቃ ቍልቍለት ሳይፈለግ ሲባክን አይተን፣ በተቸገርንበት ቀን ግን የቦርከና ወንዝ ራሱ መውረጃ አጥቶ ረግረግ በሠራበት በጨፋ ሜዳ አጠገብ፣ ብርጭቆ ውሃ ቢያኖሩበት በማይዘነብል ለጥ ያለ መሬት ላይ ተገኘን።

ሲነጋ ሾፌሩ አማትቦ ቍልፉን አዞረ። ሞተሩም «ጠቅ» አለ። ደገመው፤ «ጠቅ»። ንባቡ ይኸው ነው፤ የቀረው ትርጓሜ ነው።

አንድም፣ ባትሪው ሞቷል አለ ሾፌሩ ራሱ። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ይሰጣሉ፤ እነርሱ ከደከሙ ነገር አበቃ። ይህን ሊያረጋግጥ ክላክሱን ቢነካው፣ ጎዳናውን ይሻገሩ የነበሩ ግመሎች ደንግጠው ተበተኑ፤ እርሱም «እንግዲያስ ባትሪው ደኅና ነው» ብሎ የገዛ ትርጓሜውን ሻረ። ክላክስ ግን ምስክርነቱ አይጸናም፤ እርሱ በቈሎ የሚያድር ባሕታዊ ሲሆን፣ ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ካልቀረበለት ከመደቡ የማይነሣ የግብር ቤት እንግዳ ነው። ቀጥሎ መብራቱን አብርቶ ቍልፉን ቢያዞረው መብራቱ ቅንጣት ታህል አልደበዘዘም። ምሥጢሩ ሁሉ በዚህ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ያስተዋለው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

አንድም፣ ናፍታው አየር ገብቶበታል አለ አጠገባችን ያደረ የአይሱዙ ሾፌር። በእጅ ፖምፓ እየገፉ ፊልትሮው ላይ ያለውን ቪቴ አላልተው አረፋውን ሲያስወጡ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ በ1885 ዓ.ም. የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት ሞተር ካንዴላ አያሻውም፤ አየሩን ጨፍልቆ ጨፍልቆ ባጋለው ጊዜ ናፍታው በላዩ ሲረጭ እንበለ እሳት ይነዳል። ዳሩ ግን አየሩ እንዲጨፈለቅ አስቀድሞ ሞተሩ መዞር አለበት፤ የኛይቱ ደግሞ ፈጽማ አልዞረችምና፣ ያ ሁሉ ልፋት ላልተነሣ ሰው ምሳ እንደ ማቅረብ ነበር።

አንድም፣ ሞተሪኖው ተጣብቋል አለ ረዳቱ፤ ከመኪናዋ ሥር ገብቶም በመዶሻ ይደበድበው ጀመር። ይህ ሕክምና አንዳንድ ጊዜ እውነት ይፈውሳል፤ በዚያን ቀን ግን ድምፁ አደመቀልን እንጂ ሌላ አልጨመረልንም።

አንድም፣ ሞተሪኖው ነዷል፣ ወርዶ ኮምቦልቻ ሄዶ መጠቅለል አለበት አለ ጩኸቱን ሰምቶ የመጣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ዋጋውን በለሆሳስ ነገረን፤ ሾፌሩ ግን በከፍተኛ ድምፅ ደገመው።

አንድም፣ ዓይን በልቷታል አሉ ቡና የምታፈላልን እናት፤ «አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል» ብለውም ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልን። ከቀረቡት ትርጓሜዎች ሁሉ ገንዘብ ያልጠየቀና ልብስ ያላቆሸሸ ይህ ብቻ ስለ ነበር፣ እኔ ወደዚህኛው አዘነበልሁ።

ሾፌሩ ተስፋ ሳይቈርጥ ቍልፉን ደጋግሞ ሲያዞር፣ ፍየሎቹን ትቶ በፊት ጎማው አጠገብ ተለጥፎ ሲመለከት የነበረ እረኛ ልጅ ድንገት ዘልሎ እጁን እያራገፈ ጮኸ። አቃጥሎት ነው። ሁላችን ሳቅን፤ ያልሳቁት ከቡናው ዙሪያ ተቀምጠው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃል ያልተናገሩ አንድ ሸኽ ብቻ ናቸው። ልጁን በኦሮምኛ ምኑን እንደ ነካ ጠየቁት፤ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚወርደውን ወፍራም ሽቦ አሳያቸው። ለካስ ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጭነት መኪና ዘመን ረዳት ሆነው አስመራ ድረስ የተመላለሱ ሰው ኖረዋል።

«ልጄ፣» አሉት ሾፌሩን፣ «የመብራቱን መሄጃ ሁላችሁም መረመራችሁ፤ መመለሻውንስ ማን አየው?»

መመለሻው ማሳ የሚባለው ያ ሽቦ ነው። ከባትሪው የወጣው ኃይል በሞተሪኖው አልፎ በእርሱ በኩል ካልተመለሰ ሥራ አይሠራም። ዳዶው ላልቶ፣ ከሥሩ ዝገት በቅሎ፣ መንገዱን አጥብቦት ኖሮ፣ ማለፍ ያቃተው ኃይል በዚያው ሙቀት ሆኖ የልጁን እጅ ጠበሰ። የፊት መብራቱ በሌላ መንገድ ስለሚመለስ ነው ያልደበዘዘው። ረዳቱ ሽቦውን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አንጽቶ፣ ዳዶውን አጥብቆ ሲያበቃ ዐሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ቍልፉ በተነካ ጊዜም ኤንትሬዋ ከሚሴን በጢስ አጥና ተነሣች።

ልጁ ሻይና ብስኩት ተገዛለት፤ ከፍየሎቹ አንዲቱ ግን እኛን ሲጠብቅ የሰው ማሽላ ገብታ ኖሮ ካሣውን ሾፌሩ ከፈለ። ሸኹ ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ የለመኑት ሐርቡ ድረስ እንዲያደርሷቸው ብቻ ነው። በመካከል ያለው ወንበር በግድ ለእርሳቸው ተገባና፣ እኔ ከላይ ከሲሚንቶው ጋራ ተጫንሁ።

ሸኹ ሐርቡ ቢወርዱም ወደ ቦታዬ የሚጠራኝ አልተገኘም፤ ኮምቦልቻ ላይ ጠጕሬ እንደ ሽማግሌ ነጥቶ ወረድሁና ምሳ በላን። ሾፌሩ ማሳውን በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ተጠግኗል ብሎ ምሎ ነበር፤ ሆኖም እኛ ስንበላ ሞተሩ አልጠፋም፤ ረዳቱም ምሳው የተሰጠው ተጠቅልሎ፣ በመኪናዋ ውስጥ ነው።