የወገቤ ሐኪሞች

በአገራችን ወገቡን ይዞ የቆመ ሰው ሐኪም ፍለጋ አይደክምም፤ ሐኪሙ ራሱ ይመጣል። አንድ ማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ስሮጥባቸው፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ትንፋሼ ሳይመለስ ቱታ የለበሱ አንድ አባት ጠጋ ብለው "ብርድ ነው" አሉኝ። ላቤ እየተንጠባጠበ! ከኋላቸው የመጣ ወጣት ደግሞ "ዲስክ ነው ፋዘር፤ አጎቴንም እንዲህ ነው የጀመረው" አለ። አጎቱ አሁን እንዴት እንዳሉ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ፋዘር መባሉ ግን ከወገቤ ይልቅ አመመኝ።

ሰፈር ስደርስ ጎረቤቴ እማማ ገና ከበር ሲያዩኝ ቅቤና ወጌሻ አዘዙ።

"ለመሆኑ ማን አባሮህ ነው የሮጥከው?"

"ለታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው።"

"እሱማ ጭፈራ ነው!"

እውነታቸውን ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ያ ሁሉ ሕዝብ 10 ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነ ነው የሚጨርሰው፤ መሮጥ ቢፈልጉስ መንገድ ማን ይለቃል?

ብቻ ሁሉም በወገቤ ላይ የየራሱን ፈረደ። በመጨረሻ የሄድኩባት ፊዚዮቴራፒስት ግን ወገቤን ሳትነካ "ቀኑን ምን ላይ ነው የሚያሳልፉት?" አለችኝ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 11፡30 ወንበር ላይ ነኝ አልኳት። ሳቀች። ተቀምጦ የሚውል ሰው ጭኑን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ የመቀመጫው ጡንቻዎች ደግሞ ሥራ ይፈታሉ። ሲሮጥ እግሩ ወደ ኋላ እንደ ልብ አይዘረጋም፤ ጉድለቱን ወገብ እየተለመጠ ይሞላል። ልክ እንደኛ ቢሮ ነው፤ ሌላው ሻይ ሲጠጣ አንዱ የሁሉንም ፋይል ይሸከማል፣ በመጨረሻም የሚታመመው እሱ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመሄድ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም ያንኑ። እሱ በሁለት ሩጫ መሃል ተቀመጠ፤ እኔ በሁለት መቀመጥ መሃል ሮጥኩ።

ተኝቼ እንድከርም ፊዚዮቴራፒስቷ ትፈቅድልኛለች ብዬ ነበር። አልፈቀደችም። በእግር መሄድ፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፣ ፕላንክ፣ ስሮጥም እርምጃዬን ማሳጠር አዘዘችልኝ። እግሬ ከደነዘዘ ወይም ሽንቴ አልታዘዝ ካለኝ ግን ቀልድ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል። ፕላንኩ ሲታይ ዝም ብሎ በክርን ተደግፎ መዘርጋት ነው። ሲሞክሩት ሰዓቱ ቆሟል እንዴ ያሰኛል።

ዋናው ትእዛዝ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበር መነሣት ነው። በማግስቱ ቢሮ፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሜ ደብዳቤ ሳነብ የክፍላችን ጸሐፊ ገባች።

"ምነው ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነው።"

"ውይ! ታዲያ ወገብዎን እያመመዎት ለምን ይቆማሉ?" አለችና ወንበሬን ሳብ አድርጋ አቀረበችልኝ። "አረፍ ይበሉ እንጂ!"