ጉርሻ በማን ሂሳብ?

የእህቴ ልጅ ጂም ከጀመረ ወዲህ የቤታችን ሰላምታ ተቀይሯል። ድሮ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ነበር። አሁን «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ግራም ገባልዎት?» ሆኗል። ግራሙ የፕሮቲን ነው። ልጁ ሚዛን ገዝቷል፣ የበላውን የሚመዘግብለት አፕ ስልኩ ላይ ጭኗል፣ ሽሮ ሲወርድ ከድስቱ በላይ አንገቱን አስግጎ በዓይኑ ይመትራል። ልጁን እወደዋለሁ። ጥያቄውን ግን ልተወው ብል እሱ አይተወኝም፤ ከምሳ እስከ እራት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ይውላል።

መልሱማ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሪፖርት ጤነኛ አዋቂ በቀን ለ1 ኪሎ ክብደቱ 0.83 ግራም ይበቃዋል ብለዋል። እኔ 70 ኪሎ እመዝናለሁ፤ 58 ግራም መሆኑ ነው። አለቀ። የእህቴ ልጅ ግን «ለኪሎ 2 ግራም!» ይላል። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ከፍ ያለ መጠን እንደሚመከር አልክድም፤ 2 ግራም ግን ጣሪያው ነው፣ እሱ ወለል አድርጎ ቆሞበታል።

ቁጥር ደግሞ ድሮም የሚታመን ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙኒኩ ሊቅ ካርል ፎይት ለሠራተኛ ሰው በቀን 118 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል ብሎ ነበር። ከየት አመጣው? ሠራተኞቹ የሚበሉትን አይቶ! የሚበሉት የሚያስፈልጋቸው መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ሰውየው በፋሲካ ማግስት አዲስ አበባ መጥቶ አንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ቢቆም ኖሮ ለሰው ልጅ በሙሉ በቀን ግማሽ ኪሎ ቁርጥ በአዋዜ ባዘዘልን ነበር። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1904፣ የዬል ዩኒቨርሲቲው ራስል ቺተንደን ራሱንና ወታደሮችን ጭምር ፈትኖ የዚያ ግማሽ ያህሉ እንደሚበቃ ጻፈ። ወታደሮቹ ምን እንዳሉት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ግማሽ ኪሎው ካነሳን፣ 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ የቆረጠ ሰው የነገውንም አብዛኛውን ጨምሮ በልቷል ማለት ነው። ነገር ግን ሰውነት ለፕሮቲን ጎተራ የለውም፤ የተረፈውን ያቃጥለዋል ወይ ወደ ስብ ይለውጠዋል፣ ናይትሮጅኑን በሽንት ያስወጣዋል። ያንን ሁሉ ብር ከፍሎ!

እሺ፣ የቤታችንን እንቁጠር። እንቁላል 6 ግራም። አንድ ብርጭቆ ወተት 8። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ገደማ፣ የሽሮ ዱቄትም ከ20 ብዙ አይርቅም። እስከዚህ ድረስ ከልጁ ጋር አልተጣላንም። ጠቡ የሚጀምረው ገበታ ሲቀርብ ነው፤ አፑ «ስንት ሳህን በላህ?» ብሎ ይጠይቃላ። ሳህን የለም። ያለው ትሪ ነው፣ ትሪው ደግሞ የሁላችንም ነው። ልጁ መጀመሪያ ከፊቱ ያለውን ክልል በዓይኑ አጥሮ «ይሄ የእኔ ነው» ለማለት ሞከረ። ወዲያው ጎረቤታችን ብቅ አሉ። «ኑ እንብላ» ተባሉ። «አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» አሉ፣ ቁጭ አሉ፣ በሉ። አጥሩ ፈረሰ።

ቀጥሎ ጉርሻ መጣ። ባለቤቴ ምስሩን በእንጀራ ጠቅልላ ልጁ አፍ ላይ አደረሰች። ይህ ጉርሻ በማን ሂሳብ ይመዝገብ? የተነሳው ከጋራው ትሪ ነው፤ ስለዚህ ከእሷ አይቀነስም። የገባው ግን እሱ ሆድ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ይደመራል። ቢያስለው ቢያስተፋው ደግሞ ተመላሽ ይደረጋል ማለት ነው? ክብደቱስ? የጉርሻ ክብደት በአጉራሹ ፍቅር ይወሰናል፣ አንዳንዴም በቂሙ። የሚዜ ጉርሻና የአማት ጉርሻ በአንድ ሚዛን አይገቡም፤ አማት የምታጎርሰው የልጇን ባል ልታጠግበው ይሁን አፉን ልትዘጋው እስካሁን የለየለት ነገር የለም። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። «በሞቴ» ብላ እጇን የዘረጋችን ሴት «ይቅርታ፣ የዛሬ ኮታዬ ሞልቷል» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ካለም ያንን ቤት ዳግም አይረግጥም። ሌላም ጣጣ አለ፦ አጉራሹ እያጎረሰ ራሱ ሳይበላ ይነሳል። በአፑ ዓይን ይህ ሰው ጾሙን የዋለ ነው፤ በእኛ ዓይን ግን ድግሱን የበላ እሱ ነው።

ዶሮ ወጥ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ዶሮ 12 ብልት ይወጣታል፣ እንቁላሉ በሰው ቁጥር ይገባል፤ ሲያዩት በግራም ለመከፋፈል የተፈጠረ ወጥ ይመስላል። ብልቱ ግን የሚታደለው በማዕረግ ነው። ፈረሰኛው ለአባወራ። መላላጫው ለእንግዳ። ክንፉና አንገቱ እንደየዕድሜው ለልጆች። ሽንኩርቱን ስታቁላላ ዓይኗ ቀልቶ የዋለችውስ? «እኔ ሽታው አጥግቦኛል፤ መረቁን በእንጀራ ነካ ነካ አደርጋለሁ» ትላለች። እኛም እናምናታለን። እንዴት አድርገን እንደምናምናት!

ሽታ ፕሮቲን የለውም። መረቁም ብዙ የለውም። ያው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት፣ ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከወትሮው በላይ በቀን 31 ግራም፣ የምታጠባ እናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 19 ግራም ተጨማሪ ያስፈልጋታል ይላል። ስንት ቤት ነው ይህ ተጨማሪ ከማን ብልት እንደሚነሳ የተነጋገረው? እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነቱ አለ፣ ውኃው አለ፣ ተቅማጡ አለ። የሌለው ላይ ቅደም ተከተል አይወጣም፣ ይገባኛል። ባለበት ቤት ግን፣ ዶሮው ሙሉ በሙሉ ድስት ውስጥ በተኛበት ቤት፣ እርጉዟ ጓዳ ቆማ የድስት ቂጥ ስትጠርግ፣ ሳሎን ውስጥ ጎረምሳ ስለ ራሱ ክንድ ግራም ይቆጥራል። ከውጭ በሻንጣ የመጣ የፕሮቲን ዱቄት በቆርቆሮ ገዝቶ፣ በውኃ በጥብጦ፣ ብርጭቆውን ሳያጥብ ትቶላት! ሚዛኑን መጀመሪያ ጓዳ አስገብቶ፣ ማን ምን እንደደረሰው መዝኖልኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ባትሪውን እገዛለት ነበር።

በሉ ይቅር፤ ደም ግፊቴ ይነሳል። ልጁም ክፉ አይደለም። ብርጭቆውን አሁን ያጥባል፤ ባለቤቴ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ያጥባል ግን።

አንድ ነገርም ሳልነግረው ደብቄዋለሁ። አንዳንድ ባለሙያዎች ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ጡንቻው እንዳይከሳ ለኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ቢበላ ይሻለዋል ይላሉ። እኔም ወደዚያው እየተጠጋሁ ነው። ይህንን ከሰማ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ቆጥሮ ራስጌዬ ይቆማል።

ይልቅ ሑዳዴ ሲገባ ነው የሚያሳዝነኝ። 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፤ ልጁ ፊቱ ላይ የለቅሶ ቤት ይታያል። እንጀራውን ማንም አይቆጥረውም እንጂ የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም 10 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው። እህል በላይሲን ይደክማል፣ ጥራጥሬ በሜታዮኒን ይደክማል፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ማለት ይኸው ነው። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም ስንዴና ባቄላ አንድ ላይ ተቀቅሎ ነው። እዚህ ላይ «አያቶቻችን ሳይንቲስቶች ነበሩ» የሚል ሰው ይነሳል። አልነበሩም፤ በማጀታቸው የነበረውን ቀቀሉ፣ ጣፈጣቸው፣ ደገሙት። ለእኔ ይህ ይበቃል። ስልጆን ግን አፑ ከነጭራሹ አያውቀውም፤ ልጁ ስሙን በጻፈ ቁጥር ሳልሳ ያቀርብለታል።

አሁን ደግሞ የዓሣ ጉዳይ ተነስቷል። በጾም ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚል አለ፤ ባለቤቴ ከሁለተኛው ወገን ናት፣ ድስቱም የእሷ ነው። ልጁ የንስሐ አባቱን እጠይቃለሁ ብሎ ሄደ። ቄሱ ጥያቄውን ጨርሰው አዳመጡት አሉ፤ ሲጨርስ ዓሣውን ከየት እንደሚገዛና ኪሎው ስንት እንደገባ ጠየቁት።