ገና ላልተቋቋመው ኮሚቴ

ለማጂ ከተማ የሕፃናት መጫወቻ ስፍራ አስመራቂ፣ አስጠባቂና ቁልፍ ያዥ ዐቢይ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ትልቁም ትንሹም ልጅ በአንድ ግቢ እንዲጫወት ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ሳትቋቋሙ ስለጻፍኩላችሁ ይቅርታ። ከተቋቋማችሁ በኋላ ስብሰባ ላይ እንደምትሆኑ ስለማውቅ ነው የቀደምኩት። መጫወቻውም ሰፈራችን ገና አልደረሰም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ዥዋዥዌውንና ሸርተቴውን ይዞ ነው። ሚዛን አማን የደረሰ ነገር ደግሞ ጀሙን አልፎ፣ ቱም አድሮ፣ መንገዱ ከፈቀደለት ዳገቱን ይወጣል። እኛ አንቸኩልም። የዛሬ መቶ ዓመት የእንግሊዝ ቆንስል በበቅሎ መጥቶ ማጂ ይቀመጥ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከቆንስሎቹ አንዱ ከጌሻ ጫካ ያስለቀመው የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ጨረታ ላይ ቀርቦ የዓለምን ቡና ነጋዴ ጉድ አሰኘ። የእኛ ቡና ፓናማ ከደረሰ አንድ ዥዋዥዌ ከአዲስ አበባ እዚህ መድረስ የሚያቅተው አይመስለኝም።

ከዥዋዥዌው በፊት የሚደርሰው ግን ሰሌዳው ነው። በቀይ ቀለም «ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ምክንያታችሁ ይገባኛል። ትልልቆቹ ሸርተቴውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጡት። ዥዋዥዌውን ሰንሰለቱ እስኪጠመጠም ያሽከረክሩታል፤ ተራ ጠብቆ ሥሩ የቆመውን ሕፃን መቀመጫው ግንባሩን ይለዋል። የአራት ዓመት ልጅና የአሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ አንድ ብረት ላይ ሲወጡ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ብቻ አገራችን በ1991 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል፤ አንቀጽ 31 ላይም መጫወት መብቱ ነው ይላል። ጎረምሳው ይህን ጽሑፍ ያገኘው ዕለት ሰሌዳችሁ ጉድ ይፈላበታል።

ለመሆኑ ዕድሜን በምን ልትለዩ ነው? ዘመናዊው የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ የልደት ካርዱን ኪሱ ይዞ ሸርተቴ የሚወጣ ልጅም አላየሁም። ስለዚህ ጥበቃው ወደ ጥንቱ መለኪያ መመለሱ ነው፦ «እጅህን በአናትህ አዙረህ ጆሮህን ንካ!» እኛ አንደኛ ክፍል ለመመዝገብ ክንዳችን ከትከሻው እስኪነቀል ጎትተናል። ልጆቻችን ደግሞ ዥዋዥዌ ለመውጣት ክንዳቸውን ሲያሳጥሩ እናያለን። ጣቱ ጆሮው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ «አልደርስ አለኝ ጋሼ» የሚለውን ልጅ ከወዲሁ አየሁት። ቲያትር ቤት ባይኖረንም ተዋናይ አናጣም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቡና ለቀማ ሲደርስ እናት ማለዳ ትወጣለች። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን ይያዘው? የአሥራ አንድ ዓመት እህቱ ናታ! ይህቺን ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ቆም ብላችሁ እዩልኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይዋን ትወረውራለች፣ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ትዘላለች፤ በነጠላ ያዘለችው ሕፃን አንገቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወድቃል። እሱ እንቅልፉን አያቋርጥም፣ እሷም መስመር አትረግጥም። መሃል ላይ በአንድ እግሯ እንደቆመች ነጠላውን ጠበቅ አድርጋ ትቀጥላለች። በሰሌዳችሁ መሠረት እሷ አትገባም። ሕፃኑ መግባት ይችላል፤ ችግሩ ያለው ጀርባዋ ላይ መሆኑ ነው። ፈትታ ለጥበቃው ታስረክብ?

ሰሌዳውን ያረቀቀው ሰው በሐሳቡ የሣለው ልጅ ሌላ ነው። እሑድ ከሰዓት አባቱ እጁን ይዞ የሚያመጣው፣ አይስክሬም የሚልስ ልጅ ነው። ይምጣ፤ በማጂ ብርድ አይስክሬም የሚልስ ልጅ ለማየት እኛም እንመጣለን። እዚህ ግን ልጅን የሚያሳድገው ልጅ ነው። ትልቋን ከበር ስትመልሱ ትንሹም በጀርባዋ ይመለሳል፣ ግቢው ባዶውን ይቀራል። ባዶ ግቢ ደግሞ አይበላሽም፤ ያልተበላሸ ግቢ ሪፖርት ላይ ያምራል። ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ እንደተቆለፈ ስኒ ተወልውሎ ይኖራል፤ ቡና ሳይቀዳበት።

«እንግዲያው በፈረቃ ይሁን» የሚል አባል አይጠፋም። መብራቱም፣ ውሃውም፣ ትምህርቱም በፈረቃ በሆነበት አገር ሐሳቡ ቤተኛ ነው፦ ጠዋት ትንንሾች፣ ከሰዓት ትልልቆች። የእኛን ዝናብ ግን ፈረቃ አስይዞት የሚያውቅ የለም። አዛይዋ ልጅስ የየትኛው ፈረቃ ናት?

ደግሞስ ትልቅ ልጅ ሲባል ኳስ የያዘ ወንድ ብቻ ለምን ይታየናል? ቪየና ከተማ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብታስጠና ሴቶች ልጆች ዕድሜያቸው ወደ አሥር ሲጠጋ ከመናፈሻዎቿ እየጠፉ ነበር። የከለከላቸው ሰሌዳ የለም። ግልጡን ሜዳ ወንዶቹ ይዘውታል፤ ሴቶቹ ዳር ቆመው ቆመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከተማዋ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሁለት መናፈሻዎችን እንደገና አሠራች፦ ሰፊውን ሜዳ በተክል ከፋፈለችው፣ የእግር መንገድ ጨመረችበት፣ ለመረብ ኳስና ለባድሜንተን ቦታ ሰጠች። ሴቶቹ ተመለሱ፣ ወንዶቹም አልሞቱም። ለእኛ ባድሜንተኑ ይቅርብን። ከሕፃናቱ አሸዋ አጠገብ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጭቃ የማይዝ፣ በላዩ ቆርቆሮ ያለው ጠባብ ቦታ ይበቃናል። እህት እዚያ ሱዚ ስትዘል ዐይኗ ወንድሟ ላይ ይሆናል፤ ስትደክም የምትቀመጥበት አግዳሚ ካለ ደግሞ ጥበቃም አያስፈልጋችሁም።

ኳስ ሜዳውን ከዚያ ራቅ አድርጉት፣ ቁልቁለቱን ግን አጥሩልን። ካልሲ ውስጥ ፌስታል ጠቅጥቀን የሠራናት ኳስ ከእኛ አፋፍ ካመለጠች የምትገኘው ኦሞ ሜዳ ላይ ነው።

ለጎረምሶቹም አንድ ነገር አስቡ። በ1943 (እ.ኤ.አ.) ኮፐንሃገን ውስጥ ለልጆች ጣውላና ውዳቂ ብረት ተሰጥቷቸው መጫወቻቸውን ራሳቸው እየሠሩ የሚያፈርሱበት ግቢ ተከፍቶ ነበር። እናንተም ግንባታው ሲያልቅ የሚተርፈውን ጣውላ ብትሰጧቸው ሸርተቴውን ይረሱት ነበር። የሚተርፍ ጣውላ እንደማይኖር ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አብሮ መጫወት አይቻልም እንዳትሉኝ። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አስፋልት ለመኪና በተዘጋባቸው እሑዶች፣ የሦስት ዓመቱ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱን ሲነዳ፣ ጎረምሳው አጠገቡ ኳስ ሲያንጠባጥብ አዲስ አበባ አይታለች። ሰፊ ቦታና ትልቅ ሰው አጠገብ ካለ ሰሌዳ አያሻም። ክልላችንም ቢሆን በማካፈል የሚታማ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አንዱን የዋና ከተማነት ወንበር ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ አካፍሏል። (የጥንቷ የአውራጃ ከተማ ማጂ አልደረሳትም፤ አላኮረፍንም።) ወንበር ለአራት ያካፈለ ክልል ሸርተቴ ለሁለት ማካፈል አያቅተውም።

በመጨረሻ ስለ ምረቃው ዕለት። ትልልቆቹን ልጆች ወንበርና ድንኳን እንዲሸከሙ ትጠሯቸዋላችሁ፤ ያኔ ዕድሜያቸውን የሚጠይቅ አይኖርም። ሪባኑ ይቆረጣል። ከመካከላችሁ አንዱ፣ ምናልባትም ሰብሳቢው፣ ለካሜራው ብሎ ዥዋዥዌው ላይ ይቀመጣል፤ ጭብጨባው ሲደምቅ አንድ ሁለቴ ይወዛወዛል። በሳምንቱ ሙሽሮችና ሚዜዎች ለፎቶ ይመጣሉ፤ ስድስት ሆነው ሸርተቴው ላይ ይደረደራሉ። በወሩ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የምጠይቃችሁ ያን ቀን የምትይዙት ቃለ ጉባኤ ላይ «በትልልቅ ልጆች ተሰበረ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የማጂ አሳዳጊ

ግልባጭ፦
ለፎቶ አንሺው
ለግቢው ጥበቃ (ቁልፉን ይዞ ገበያ ከሄደበት ሲመለስ)